ሦስተኛው ጋን

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ሰው አልነገረኝም፣ በሕልሜም አላየሁትም። በሁለት እግሬ ቆሜ፣ በቀን ብርሃን የሰማሁትና ያየሁት ነው።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። የኅዳር ዝናብ ይዘንባል። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ።

ቦታው ዶኒጎል ነው፣ ከደብሊን ርቆ፣ ከባሕሩ ዳር፣ የባለቤቴ ቤተሰብ ውስኪ የሚያወጣበት አሮጌ የድንጋይ ቤት።

ብዙ ጊዜ ልጽፈው ጀምሬ ትቼዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። ምክንያቱን የማላውቀውን ነገር ለሰው መንገር አልወድም።

ግን ብቻዬን ይዤው መኖር አልቻልኩም...

ቤታችን ትንሽ ነው። ገብሱ ከጎረቤታችን ማሳ ይመጣል፤ ብቅሉን የምናበቅለው ራሳችን ነን። የምናደርቀው ከረግረጉ እየቆረጥን፣ አድርቀን እንደ እንጨት በምናነደው ጥቁር አፈር ጭስ ነው። ውሃው ከኋላችን ካለው ኮረብታ ይወርዳል።

ድፍድፉ የሚፈላው በአራት ትልልቅ የእንጨት ጋኖች ውስጥ ነው። እያንዳንዳቸው ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣሉ። የሚያጥባቸው ሰው በውጭ በኩል በመሰላል ይወጣና፣ በአፋቸው ገብቶ በሌላ መሰላል ይወርዳል።

ድፍድፍ ሲፈላ ጋዝ ያወጣል። አይታይም። ከአየር ይከብዳል። ድፍድፉ ተቀድቶ ካለቀ በኋላም ከጋኑ ሥር ተኝቶ ይቆያል።

ሁለት ጊዜ በደንብ የሳበው ሰው፣ ሦስተኛውን አይስብም።

ስለዚህ የቤቱ ደንብ አለ። መጀመሪያ ሻማ የበራበት ፋኖስ በገመድ ወደ ጋኑ ሥር ይወርዳል። ሻማው ከጠፋ ማንም አይገባም። ካልጠፋ አንዱ ብሩሹን ይዞ ይገባል፣ ሌላው ከውጭ ከመሰላሉ ሥር ይቆማል። የቆመው ሰው በየግማሽ ደቂቃው ይጠይቃል።

"አለህ?"

ውስጥ ያለውም ይመልሳል።

"አለሁ።"

ባለቤቴ ካሃል የሞተው ሦስተኛው ጋን ውስጥ ነው።

ከመሰላሉ ሥር ቆሜ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። ረጅም ነበር። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር። ይበቃል።

ለፖሊሱም ለሐኪሙም የነገርኳቸው አንድ ነው። ጠየቅኩት፣ መለሰልኝ፤ ጠየቅኩት፣ መለሰልኝ፤ ከዚያ ዝም አለ፤ በመሰላሉ ወጥቼ አየሁት።

ሐኪሙ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ካሃል እንዳልተሰቃየ ነገረኝ። ወለሉን ሊፈትግ ባጎነበሰበት ቅጽበት ነው የወደቀው። ከገባ አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም አለኝ።

እኔ ግን የምጠይቀው ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

ካሃል ለአሥራ አንድ ደቂቃ መልሶልኛል።

ሃያ ሁለት ጊዜ። "አለሁ..." "አለሁ..." በራሱ ድምፅ።

ዝምም አላለም። እኔ ነኝ የወጣሁት። የብሩሹ ድምፅ ከቆመ መቆየቱ ድንገት ስለታወቀኝ ነው የወጣሁት።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ያልተናገርኩት ሌላም ነገር አለ። የፋኖሱ ገመድ አጭር ነበር። አንድ ክንድ ያህል ጎድሎት ስለነበር ሻማው የጋኑን ሥር አይነካም። የቆረጠው ራሱ ካሃል ነው። ልጃችን ኦርላ ለትምህርት ወደ ደብሊን በሄደችበት ጠዋት የሻንጣዋ መቆለፊያ ተሰበረ። አውቶቡሱ ሊያመልጣት ሆነ። ካሃል ሮጦ ሄዶ ከፋኖሱ ሰማያዊ ገመድ ላይ ቆረጠና አሰረላት።

"ነገ እቀጥለዋለሁ" አለኝ።

አልቀጠለውም። ከሁለት ወር በኋላ ሞተ።

ኦርላ ይህን እንድታውቅ አልፈለግኩም። አንድ ልጅ አለችኝ። አባቷን የገደለው የሻንጣዋ ገመድ ነው ብላ እንድታስብ አልፈለግኩም።

*

ኦርላ ትምህርቷን አቋርጣ ተመለሰች። ዓመቱን ሙሉ ከአጎቷ ከኮለም ጋር ሠራች። ኮለም የካሃል ታናሽ ወንድም ነው፤ ግዙፍ ሰው፣ የማይቀልድበት ነገር የለም።

ሦስተኛው ጋን ከካሃል ወዲህ ባዶውን ነበር። ዘንድሮ ግን ገብሱ ስለበዛ ኮለም ሞላው። ድፍድፉ ጥሩ ወጣ። ተቀዳ። አለቀ።

ከዚያ መታጠብ ነበረበት።

ኦርላ እኔ እገባለሁ አለች። ሦስት ቀን ሙሉ አይሆንም አልኳት። ኮለም ልግባ ሲል ሳቀችበት።

"አጎቴ፣ አንተ ከገባህ ጋኑን ሰብረን ነው የምናወጣህ።"

"አንቺ ደግሞ ደብሊን ቆይተሽ ብሩሽ በየት በኩል እንደሚያዝ ረስተሻል" አላት።

በሦስተኛው ቀን ማታ ኦርላ ሳትቆጣ፣ ሰሃን እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ተናገረች።

"እማ፣ እዚህ የምኖር ከሆነ እየፈራሁት አልኖርም። አይሆንም ካልሽኝ ሻንጣዬን ይዤ እሄዳለሁ።"

ሻንጣ ስትል ገመዱ ትዝ አለኝ።

እሺ አልኳት።

የሚቻለውን ሁሉ አደረግኩ። ደረት ላይ የሚንጠለጠል የጋዝ መለኪያ ገዛሁ፤ ጋዝ ሲሸተው ጆሮ በሚበጥስ ድምፅ ይጮኻል። ትከሻና ወገቧን የሚይዝ መታጠቂያ አሰፋሁላት፤ መታጠቂያውን የገብስ ጆንያ በምንሰቅልበት መዘውር ገመድ ላይ አሰርኩት። ኮለም ከአጠገቡ ካሉት ጋኖች ጋዝ ሊያመጡ የሚችሉትን ቧንቧዎች በእጁ ዘጋ።

የማክሰኞ ምሳችን የድንች ሾርባና ጥቁር ዳቦ ነበር። አማቴ ብሪጅ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። ብዙ ጊዜ ከራሷ ጋር ስለምታወራ ሁልጊዜ አናዳምጣትም።

"ሚሆል እንዲህ አይጠይቅም ነበር" አለች። ሚሆል የሞተው ባለቤቷ ነው፣ ደንቡን ለልጆቹ ያስተማረው።

"እንዴት እማማ?" አልኳት፣ ዳቦ እየቆረስኩ።

"አለህ አለህ አይልም ነበር። በየጊዜው ሌላ ነገር ነበር የሚጠይቀው። የትኛዋ ላም ወለደች? የቄሱ ብስክሌት ቀለም ምንድን ነው? ትናንት ማን አሸነፈ?"

አስታወስኩ። እውነቷን ነበር። እንደተጋባን ሰሞን ሚሆል ሲጠይቅ ሰምቼ ቀልድ መስሎኝ ስቄያለሁ። በኋላ እኔና ካሃል ሥራውን ስንረከብ፣ ሥራ እየፈታን ስለ ላም ማውራት ሰልችቶን፣ ወደ አንድ ቃል አሳጠርነው።

"አንድ ቃል ብቻ ካሰማችሁት" አለች ብሪጅ፣ "ቃሏን ይማራታል።"

"ማን ነው የሚማራት?"

ሾርባዋን ቀመሰችና ጨው እንዳነሰው ነገረችን።

*

ኮለም ከጋኖቹ የወጣውን አተላ ለጎረቤት ላሞች ሊያደርስ በትራክተር ወጣ። ግማሽ ሰዓት ነው አለ። እስኪመለስ እንጠብቀው አልኳት። ኦርላ በመስኮቱ ሰማዩን አየችና ብርሃኑ ሊሄድብን ነው አለችኝ።

የኮለም ውሻ ሁልጊዜ ከሦስተኛው ጋን ሥር ነበር የሚተኛው፤ ወለሉ ሞቃት ነው። ያን ቀን በር ላይ ቆመ። ዝናቡ እየወረደበት... ግን አልገባም።

ኦርላ ፋኖሱን ከመስቀያው አወረደች።

"መለኪያው አለሽ እኮ" አልኳት።

"አውቃለሁ። ለአባዬ ነው።"

ሻማውን ለኩሳ ወደ ጋኑ አወረደችው። ወደ ታች እያየች ቆየች።

"እማ፣ ይሄ ገመድ ለምን አጠረ?"

"አርጅቷል" አልኳት።

ሻማው አልጠፋም። የመለኪያው መብራት አረንጓዴ ነበር። ብሩሹን ይዛ ወረደች።

ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ሰዓት ከአርባ።

ብሩሹ እንጨቱን ሲፈትግ ይሰማኛል። ሹክ... ሹክ... ሹክ...

"አለሽ?"

"አለሁ፣ እማ። ገና አሁን እኮ ነው የገባሁት።"

ሹክ... ሹክ...

"አለሽ?"

"አለሁ። እጄ ዛለ።"

ሹክ... ሹክ...

"አለሽ?"

"አለሁ። ኮለም ቢያየኝ ጉዴ ነበር።"

ፈገግ አልኩ። ከዓመት ወዲህ እዚያ ቤት ውስጥ ፈገግ ስል የመጀመሪያዬ ነበር።

ዝናቡ ጠነከረ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ድምፁ ቤቱን ሞላው።

"አለሽ?"

"አለሁ።"

"አለሽ?"

"አለሁ።"

"አለሽ?"

"አለሁ።"

እየመለሰች ነው... ደህና ናት... እያልኩ ሰዓቴን ነበር የማየው። የሰከንዱ ቆጣሪ ይዞራል። እጠይቃለሁ። ትመልሳለች።

ከዚያ አንድ ነገር ታወቀኝ።

መልሱ ልክ አንድ ዓይነት ነበር። አይረዝም፣ አያጥርም፣ አይደክም። መጀመሪያ ላይ ትቀልድ ነበር። አሁን አትቀልድም።

ውሻው በር ላይ ማላዘን ጀመረ።

ትንፋሼን ያዝኩና አዳመጥኩ።

ዝናብ።

ዝናብ ብቻ።

ብሩሹ የለም...

 በአንድ እጄ መሰላሉን ያዝኩ። "አለሽ?" ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የብሪጅ ነገር መጣብኝ።

"ኦርላ" አልኩ። ድምፄ ሹክሹክታ ሆኖ ወጣ። "ምሳ... ምን በላሽ?"

ዝም አለ።

ለትንሽ ጊዜ ብቻ። የሚያስብ ሰው ያህል።

"አለሁ።"

"ኦርላ፣ የድመትሽ ስም ማን ነበር?"

"አለሁ።"

ወደ መዘውሩ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። እጀታውን ጨብጬ ማዞር ጀመርኩ። ከባድ ነበር። ሙሉ የገብስ ጆንያ ሰቅዬ አውቃለሁ፤ ይህ ከዚያ ይከብድ ነበር። አንድ ነገር ከታች እንደያዛት ዓይነት... ከዚያ ለቀቅ አለ፣ ገመዱም ቶሎ መውጣት ጀመረ።

መጀመሪያ የታየኝ ፀጉሯ ነው። ከዚያ አንገቷ። ጭንቅላቷ ደረቷ ላይ ወድቋል። ከንፈሯ ጠቁሯል።

አፏ ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

"አለሁ" አለ ከጋኑ ውስጥ።

ማንም አልጠየቀም።

"አለሁ... አለሁ..."

መጀመሪያ የኦርላ ድምፅ ነበር። ኦርላ በገመዱ ላይ ከፊቴ ተንጠልጥላ እየተሽከረከረች ድምፁ እየወፈረ ሄደ። ታፈነ። አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚናገር ሰው ድምፅ ሆነ።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት ከአጠገቡ ተኝቻለሁ።

እጀታውን አልለቀቅኩም።

*

ወለሉ ላይ አስተኛኋት። መታጠቂያውን በቢላ ቆረጥኩ። አፌን አፏ ላይ አድርጌ ነፋሁ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ሳለች። አስመለሳት። ዓይኗን ገለጠች።

"እማ..."

"አትናገሪ። ተንፍሺ።"

"ለምን ወረድሽ?"

"የት?"

"ታች... እኔ ጋ።" ወደ ጋኑ በዓይኗ አመለከተች። "ጆሮዬ ሥር ሆነሽ ነበር እኮ የምትጠይቂኝ።"

ፊቷን ከጋኑ ወደ በሩ አዞርኩት።

ኮለም እየሮጠ ገባ። ትራክተሩን መንገድ ላይ ጥሎት ነው የመጣው። ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

"ምን ሆናችሁ? መለኪያው ሲጮህ ከመንገዱ ነው የሰማሁት። አትሰሙም እንዴ?"

እኔ አልሰማሁም። ለማንም ልምልለት እችላለሁ። የኦርላን መለኪያ አንስተን አየን፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደጮኸ ይመዘግባል።

አራት ደቂቃ ጮኋል።

በእነዚያ አራት ደቂቃዎች ውስጥ የሰማሁት ዝናቡንና "አለሁ" የሚለውን ብቻ ነበር።

ኮለም ቧንቧዎቹን አየ። ከሁለተኛው ጋን የሚመጣው ቧንቧ መዝጊያ ሩብ ዙር ተከፍቶ ነበር። ጠዋት በእጁ አጥብቆ የዘጋው ነው።  ያን ቀን ሌላ ቀልድ ከአፉ አልወጣም።

ከመውጣታችን በፊት ፋኖሱን ራሴ ከጋኑ ሳብኩት። ሻማውን አጥፍቼ መስቀያው ላይ ሰቀልኩት። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ።

ኦርላን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወደ ቤት አስገባናት። ብሪጅ መስኮቷ ጋ ነበረች። ምን ሆነች ብላ አልጠየቀችንም።

"ስንት ጊዜ መለሰ?" አለችኝ።

"ሃያ ሁለት" አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የተናገርኩት የካሃልን መሆኑ የገባኝ። ኦርላ ቀና ብላ አየችኝ። ኮለምም አየኝ።

ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። አሥራ አንዱን ደቂቃ ነገርኳቸው። ከዚያ ገመዱን። ሰማያዊውን ገመድ፣ ሻንጣውን፣ "ነገ እቀጥለዋለሁ" ያለውን። ስናገር ጠረጴዛውን ነበር የማየው።

ኦርላ ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻዋ ሳበች።

"ገመዱን ጣልኩት እኮ" አለች። "ደብሊን አውቶቡስ ጣቢያ እንደወረድኩ። ቅርጫት ውስጥ።"

"ደግ አደረግሽ።"

"ክንድ የሚያህል ገመድ ነው፣ እማ።"

"የቆረጠው እሱ ነው። ሳልቀጥለው የቀረሁት እኔ ነኝ። አንቺ የለሽበትም" አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። እጇ ገና ቀዝቃዛ ነበር።

*

ረቡዕ ጠዋት ኮለም የሦስተኛውን ጋን አፍ በወፍራም ሳንቃ ዘጋው። ዘጠኝ ረጃጅም ሚስማር መታበት። መሰላሎቹን አወጣ። ጋኑን በጸደይ እንፈታዋለን፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው አለ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብሩሾቹን ለማውጣት ከኦርላ ጋር ወደ ጋኖቹ ቤት ገባሁ። ብቻዬን እንድገባ አልፈቀደችልኝም። ዝናቡ አባርቷል። ብርሃኑ ጥሩ ነበር፤ ሁሉም ነገር በደንብ ይታያል።

በደንብ ይታይ ስለነበር ነው የምጽፈው።

ፋኖሱ መስቀያው ላይ አልነበረም።

የገመዱ ጫፍ ብቻ መስቀያው ላይ ታስሯል። ገመዱ ከዚያ ተነስቶ፣ በጋኑ ጠርዝ ላይ አልፎ፣ በሁለት ሳንቃዎች መካከል ወደ ውስጥ ይገባል። ክፍተቱ ጣት አያስገባም። ፋኖሱ የሰው ጭንቅላት ያህላል።

ሚስማሮቹን ቆጠርኩ። ዘጠኝ። አንዱም አልተነካም።

"እማ..." አለች ኦርላ በሹክሹክታ። "ገመዱን እዪው።"

ከመስቀያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ቋጠሮ ነበር። ካሃል ጆንያ ሲያስር ሁለት ጊዜ ይጠመዝዘው የነበረው ቋጠሮ። ከቋጠሮው በላይ ያለው ገመድ ከሌላው ይልቅ አዲስ ነው። ሰማያዊነቱ ገና አልደበዘዘም።

ርዝመቱ አንድ ክንድ ያህላል።

ኦርላ እጇን ልትዘረጋ ስትል ያዝኳት።

ገመዱ ተወጥሮ ነበር። ከታች ከባድ ነገር የተንጠለጠለበት ያህል...

ሳብ አደረገው።

አንድ ጊዜ። በቀስታ። ቆመ።

ሁለታችንም አልተነፈስንም። ኦርላ ሰዓቷን አየች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ስትቆጥር አየኋት።

ሳብ አደረገው።

"ሠላሳ" አለች። "ሠላሳ ሰከንድ።"

"አትመልሺ" አልኳት።

"አለሁ" የሚለው መልስ ግን ምላሴ ላይ ነበር። ዓመታት ሙሉ በአንድ ቃል ጠይቀን፣ በአንድ ቃል ስንመላለስ ኖረናል። የእሷም ምላስ ላይ እንደነበር ከፊቷ አየሁ።

እዚያው ቆምን፣ እናትና ልጅ፣ ሁለታችንም አፋችንን በእጃችን ሸፍነን።

ገመዱ ሳብ ይላል... ይቆማል...

ይጠብቃል።

ሳብ ይላል።